የዝገት ዋጋ፦ ከጃፓን ጎራዴ ጋር አሥር ወር

የጃፓን ጎራዴ ማጥናት ከጀመርኩ አሥር ወር ሞላኝ። እስካሁን አንድም አልገዛሁም፤ የምገዛበት ገንዘብም የለኝም። የማደርገው ቀላል ነው። የጨረታ ካታሎግ አወርዳለሁ፣ ፎቶዎቹን አያለሁ፣ እያንዳንዱ ጎራዴ ስንት እንደሚሸጥ ቀድሜ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ውጤቱን ጠብቄ ራሴን አርማለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ግምቶቼን ዛሬ ሳነባቸው ለብቻዬ እስቃለሁ። አንዳንዱ ጎራዴ ለምን እንዲህ ባልተጠበቀ ዋጋ እንደሚሸጥ አልገባኝም ነበር።

ለንደን መኖሬ አንድ ጥቅም አለው። ጨረታ ቤቶች ከሽያጩ በፊት ዕቃውን ለፈለገ ሰው ያሳያሉ። ገዢ መምሰል እንኳን አያስፈልግም።

ዓይኔን የከፈተልኝ በአራተኛው ወር ያየሁት ጨረታ ነው። ሁለት ጎራዴ ጎን ለጎን ወጡ። አንደኛው የሠርግ ሙሽራ ይመስላል፤ ሰገባው ላክ በሚባል ጥቁር ቅብ ያበራል፣ እጀታው ላይ የወርቅ ጌጥ አለ፣ ብረቱ ላይ ደግሞ “ኮቴሱ” የሚል የአንጥረኛ ፊርማ። ሁለተኛው ነጭ እንጨት ሰገባ ውስጥ የገባ ባዶ ብረት ነው። ጌጥ የለው፣ ፊርማ የለው። እጀታ ውስጥ የሚገባው ጭራው በዝገት ጠቁሮ ሦስት ቦታ ተበስቷል። እኔ ሙሽራው የሌላኛውን አምስት እጥፍ ያወጣል ብዬ ጻፍኩ።

ሙሽራው ጨረታ ቤቱ ካታሎጉ ላይ ከጻፈው ግምት በታች ተሸጠ። ባዶው ብረት የግምቱን ስምንት እጥፍ አወጣ። ገጹ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ማታ አዲስ አበባ ላለው አባቴ በስልክ ስነግረው፣ “አንተ ልጅ፣ እዚያ አገር ዝገትም ይሸጣል እንዴ?” አለኝ።

ይሸጣል አባዬ። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው።

ጃፓኖች ያንን ጭራ “ናካጎ” ይሉታል። ሙሉው ስለት በየዘመኑ ሲሞረድና ሲወለወል ናካጎው ግን አይነካም። ለዚህ ነው የብዙ መቶ ዓመታት ዝገት እዚያ ላይ ተጋግሮ የሚቀረው። ጥልቅ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ለስላሳ። አዋቂዎች ዕድሜውን መጀመሪያ የሚያነቡት ከዚያ ነው። አንዳንድ ሰው ከአያቱ የወረሰውን ጎራዴ ሊሸጥ ሲያስብ ናካጎውን በብረት ሱፍ ፈትጎ ያሳምረዋል። ያን ጊዜ የዋጋውን ትልቅ ክፍል አብሮ ጠረገው ማለት ነው።

ሦስቱ ቀዳዳዎችስ? እጀታው በቀርከሃ ችንካር ነው የሚያዘው። በካማኩራ ዘመን፣ ከ1185 እስከ 1333 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ጎራዴው ለፈረሰኛ የተሠራ ረጅም ነበር። በኋላ ውጊያው በእግር ሲሆን ብዙዎቹን ከታች ቆርጠው አሳጠሯቸው። ሲያጥር አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ናካጎው ላይ የተቀረጸው ፊርማ ደግሞ ከተቆረጠው ብረት ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ፊርማ የሌለው፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ጎራዴ አሮጌና ታላቅ ሊሆን ይችላል። በጣም ዝነኛው አንጥረኛ ማሳሙኔ ራሱ ፊርማው የሚገኘው በጥቂት አጫጭር ስለቶች ላይ ብቻ ነው።

ፊርማ በተቃራኒው ማንም በመሮ ሊቀርጸው ይችላል። ኮቴሱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ውስጥ የሠራ ድንቅ አንጥረኛ ነው፤ በስሙ የተሠራው ሐሰተኛ ግን እጅግ ብዙ ነው። ያንን ሙሽራ ሁሉም ሰው ጠርጥሮታል። ያልጠረጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሰባተኛው ወር አንድ ጎራዴ በእጄ ያዝኩ። ዕቃውን የምታሳየው የጨረታ ቤቱ ሠራተኛ ቀድማ ሁለት ነገር ነገረችኝ፦ ብረቱን በጣት አትንካ፣ ስለቱ ላይ አታውራ። የጣት ላብም የትንፋሽ እርጥበትም ያዝገዋል። ችንካሩን አወጣች፣ የራሷን አንጓ በቡጢ መታ መታ ስታደርግ እጀታው ተላቀቀ። ስለቱን ወደ አንዲት አምፖል አቅጣጫ ይዤ ቀስ ብዬ አዘነበልኩት። መጀመሪያ ምንም። ትንሽ ሳዞረው ጠርዙን ተከትሎ ነጭ ጉም መሰለ። ውስጡ ነጠብጣቦች አሉ፣ በጣም ደቃቅ፣ እንደ ውርጭ። ይህ “ሃሞን” ነው። አንጥረኛው ስለቱን በሸክላ ሲቀባ ጠርዙ ላይ በስሱ፣ ጀርባው ላይ በወፍራሙ ያደርገዋል። ከዚያ አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ጠርዙ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ጀርባው ዘግይቶ ልስላሴውን ይይዛል። ድንበሩ ያ ጉም ነው። ፎቶ ላይ አሥር ጊዜ አይቼው ነበር፤ ምንም አላየሁም ነበር ማለት ነው።

ጎራዴ ደግሞ እንደ ሳሙና ያልቃል። በተወለወለ ቁጥር ትንሽ ብረት ይሄዳል። ከ700 ዓመት በኋላ አሁንም ወፍራም የሆነ ስለት ብርቅ ነው፤ የሳሳው ርካሽ ነው። ጠርዙን የሚያቋርጥ ስንጥቅ ካለበት ደግሞ አበቃ፣ የፈለገ ስም ይኑረው።

አሁን “ለምን እንዲህ ባልተጠበቀ ዋጋ?” ወደሚለው ልምጣ። እኔ እንደገባኝ ያ ጨረታ ላይ የተሳሳተው ግምቱ እንጂ ዋጋው አይደለም። በ1948 የተመሠረተው የጃፓን ጎራዴ ጥበቃ ማኅበር ስለቶችን መርምሮ በአራት ደረጃ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ወረቀት ያለው ጎራዴ ዋጋው ብዙ አያስገርምም። ጃፓን ሳይመለስ አውሮፓ ወይም አሜሪካ የቀረው ግን ወረቀት የለውም። ካታሎግ ጸሐፊው ይፈራል፣ ዝቅ አድርጎ ይገምታል። ታዲያ ብረት ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ከመጣ በርካሽ ይዞት ይሄዳል። ሁለት ከመጡ ጉድ ይፈላል።

እነዚህ ጎራዴዎች ከጃፓን የወጡት በብዛት ከ1945 ሽንፈት በኋላ ነው። መሣሪያ አስረክቡ ሲባል ብዙ ተሰበሰበ፣ ብዙው በአሜሪካ ወታደሮች ሻንጣ ሄደ። ጃፓንን ለዘመናት የገዛው የቶኩጋዋ ቤተሰብ ያስረከበው ሆንጆ ማሳሙኔ የተባለው ጎራዴ እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ አይታወቅም። በሌላ በኩል ኮምፕተን የሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ የአንድ መቅደስ ንብረት የነበረ ብሔራዊ ቅርስ እጁ ላይ አግኝቶ በ1963 በነጻ መልሷል። የእሱ ስብስብ በ1992 ኒውዮርክ ክሪስቲስ ጨረታ ቤት ሲሸጥ አንድ የካማኩራ ስለት 418,000 ዶላር አወጣ። ጃፓን ውስጥ ብሔራዊ ቅርስ የተባለው ከአገር አይወጣም። እዚያው ግን ይሸጣል፦ ሴቶኡቺ የምትባል ከተማ በአካባቢዋ የተሠራውን ያማቶሪጌን በ2020 በ500 ሚሊዮን የን ገዛች። ገንዘቡን ከሕዝብ መዋጮ ለምና ነው ያሰባሰበችው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። “የአያቴ ሳሙራይ ጎራዴ” ተብሎ የሚወጣው አብዛኛው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፋብሪካ ሥራ ነው። ግን አንዳንድ መኮንኖች የቤተሰባቸውን አሮጌ ስለት በወታደር እጀታ አስገጥመው ዘምተዋል። ስለዚህ እጀታው ካልወለቀ ምንም አትበሉ።

በመጨረሻው ጨረታ ከ20 ግምቶቼ 9ኙ ተቀራርበዋል። በመጀመሪያው ወር 2 ብቻ ነበሩ። በሚመጣው ሐሙስ አንድ ፊርማ የሌለው ስለት ይወጣል። ጭራው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ ዝገቱ ጥሩ ይመስላል፣ ግምቱ አሁንም ዝቅተኛ ነው። አንድ ቁጥር ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ማክሰኞ ሄጄ አምፖሉ ሥር ሳላየው አልጽፍም።