መስመሩን ከመውቀሳችን በፊት

ዛሬ አዘዞ እህቴ ቤት ዋልኩ። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ይይዛል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቃል፣ ደግሞ ይመለሳል። ቤተሰቡ ጥፋቱን ሁሉ ለመስመሩ ሰጥቶት ነበር።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ራውተሩን (ኢንተርኔቱን ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ነው። ፒንግ 192.168.1.1 ብዬ ለቀቅኩት (ወደ ራውተሩ አድራሻ «አለህ?» የሚል አጭር ጥያቄ የሚልክ ትዕዛዝ ነው)፤ አንዳንዴ ራሱ ራውተሩ መልስ አይሰጥም! ስለዚህ ችግሩ ያለው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።

ለጓሮው ክፍል ተብሎ የተጨመረ ሁለተኛ ራውተር አለ፣ ላን ከላን (የቤት ውስጥ መረብ መሰኪያው ከሌላው መሰኪያ) ተገናኝቶ። ሁለቱም አድራሻቸው 192.168.1.1፣ የሁለቱም ዲኤችሲፒ (ለሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ክፍት። አንድ ቤት ሁለት አዛዥ ካለው እንግዳው ማንን ይስማ? የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ ዘጋሁ፣ አድራሻውንም 192.168.1.2 አደረግኩት። መቆራረጡ እዚያው ላይ ቆመ።

ዋይፋዩንም ጎረቤቱ ሁሉ ከተጨናነቀበት ቻናል 6 ወደ 11 ወሰድኩት (በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው)። ሌላው የዋይፋይ ሞገድ፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ፈጣን ነው፤ ግን እንደዚህ ዓይነት የድንጋይ ግድግዳ በጣም ያደክመዋል።

የእህቴ ልጅ ለፈተና የምታጠናበትን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ አየችው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጎንደር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ቤታችሁ ሁለት ራውተር ካለ ዛሬውኑ ዲኤችሲፒውን እዩልኝ። ካስቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።