የቆዳ ሴል እንዴት ይበስላል? ካልሲየምን ተከትዬ የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ መልስ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ የሴል ባዮሎጂ ማንበቤን ቀጥያለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት የቆዳ ሴል ብስለት ነው። ይህን ርዕስ ጀምራችሁ የፕሮቲኖቹ ስም ብዛት ካሰለቻችሁ አንድ ምክር አለኝ፦ መጀመሪያ ካልሲየምን ተከተሉ።

መነሻውን ባጭሩ። የቆዳችን የላይኛው ክፍል፣ ኤፒደርሚስ፣ በአብዛኛው ኬራቲኖሳይት በሚባሉ ሴሎች የተሠራ ነው። ከሥር ያሉት ይባዛሉ። የተወሰኑት መሠረቱን ለቀው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ኒውክሊየሳቸውን ያጣሉ፣ በመጨረሻም ሞተው ጠፍጣፋ ሽፋን ይሆናሉ። ውሃችንን የሚይዝልን፣ ጀርም የሚከላከልልን ያ የሞተ ንብርብር ነው።

ታዲያ ሴሉ ይህን ጉዞ፣ ማለትም ብስለትን፣ የሚጀምርበት ጊዜ መድረሱን በምን ያውቃል? መልሱ በጣም ነው የገረመኝ፦ ባለበት ቦታ። ካልሲየም ከሥር ጥቂት ነው። ወደ ላይ ሲኬድ ይጨምራል፤ ከሞተው ሽፋን ሥር ባለው ግራኑላር ንብርብር ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳል። ሴሉ ደግሞ ካልሲየምን የሚለይ ተቀባይ አለው። ተቀባዩ ሲነቃ ፎስፎላይፔዝ ሲ የተባለውን ኢንዛይም ያስነሳል። ኢንዛይሙ አይፒ3 የሚባል ሞለኪውል ያወጣል፤ አይፒ3 ሴሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ካልሲየም ያስለቅቃል። ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የሚባል ሌላ ኢንዛይምም አብሮ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ነው የብስለት ጂኖች ሥራ የሚጀምሩት።

እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ የአይጥ ቆዳ ሴል ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ካልሲየሙ ከ0.1 ሚሊሞላር በታች ሲሆን ይባዛሉ። ካልሲየም ሲጨመር መባዛቱን ትተው ይበስላሉ። በቃ! እንዲህ ጥርት ያለ ሙከራ ማንበብ ደስ ይላል።

ካልሲየም ብቻውን ግን አይሠራም። ኖች የሚባለው ተቀባይ ከጎን ካለው ሴል በንክኪ መልእክት ይቀበልና ሴሉን ወደ ብስለት ይገፋዋል። ቫይታሚን ዲም ያግዛል። ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬ ካልሲፖትሪዮል የሚባለው ቅባት ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታ ለምን እንደሚታዘዝ ጠይቃኝ ነበር። ካልሲፖትሪዮል የተሠራው ቫይታሚን ዲን እንዲመስል ነው። በሶሪያሲስ ሴሎቹ በደንብ ሳይበስሉ በጥድፊያ ይባዛሉ፤ ቅባቱ ጥድፊያውን ያበርድና ወደ ብስለት ይመልሳቸዋል።

ለማስታወስ የረዳኝ ሥዕል ነው። ፒያሳ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ትልቅ ወረቀት ገዝቼ ኤፒደርሚስን እንደ ፎቅ ቤት ሣልኩት፤ በየፎቁም ሴሉ በዚያ ደረጃ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች ጻፍኩ። ኬራቲን 5 እና 14 ምድር ላይ፣ ኬራቲን 1 እና 10 ከነሱ በላይ፣ ሎሪክሪንና ፊላግሪን ከፍ ብለው። ከዚያ ወዲህ ስሞቹ አይምታቱብኝም።

አሁን ፊላግሪን ላይ ነኝ። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ጉድለት ከችፌ ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓውያን ላይ ታወቀ። በ2011 የወጣ ጥናት ኢትዮጵያውያን የችፌ ታማሚዎችን ሲመረምር ግን፣ ከአንድ አዲስ ለውጥ በቀር እንዲህ ያለ ጉድለት አላገኘም። የእኛ ሰው ችፌ ሌላ መንገድ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። ይሄ ነገር ልቤን ይዞታል። ቀጥዬ የማነበው ሴሎችን እርስ በርስ ስለሚያጣብቀው ክላውዲን 1 ነው፤ በኢትዮጵያውያን ላይ ከችፌ ጋር ግንኙነት የታየበት ጂን ስለሆነ። አብራችሁኝ ማንበብ የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ሥዕሉንም ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።