የቻይና መናፈሻ በኮምቦልቻ ግቢ?

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ወሬው እ.ኤ.አ. በ1991 በካናዳዋ ሞንትሪያል የእጽዋት መናፈሻ ስለተከፈተው የቻይና አትክልት ስፍራ ነበር። «እኛም ግቢ ይሆናል?» ለምትሉ፦ ይሆናል። የቻይና መናፈሻ ከሚይዛቸው ከድንጋዩ፣ ከተክሉና ከጎጆው ይልቅ የሚያስቸግረው ውሃው ነው።

ኩሬውን ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ጎኑ ዘመም ይበል፤ ቀጥ ካለ ክረምት ላይ ይናዳል። ውሃ እንዳይሰርግ ወለሉና ጎኑ ላይ የሸክላ አፈር እያረጠባችሁ፣ በስሱ እየደለደላችሁና እየጠቀጠቃችሁ 20 ሳንቲ ሜትር አድርሱት። በጋ ውሃው ጎድሎ ጠርዙ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ኩሬው ውሃ ማስረግ ይጀምራል። ግማሹ ጥላ ካላገኘ ደግሞ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። የትንኝ እጭ የሚበሉ ትናንሽ ዓሣዎች ጨምሩበት፤ ወባ ባለበት ከተማ የትንኝ መፈልፈያ መሥራት ቀልድ አይደለም!

የቻይና መናፈሻዎች የሚያጌጡበትን፣ ቻይና ካለው ከታይሁ ሐይቅ የሚወጣውን የተቦረቦረ ድንጋይ አትፈልጉ፣ የኛው ጥቁር ድንጋይ ይበቃል። የደጋ ቀርከሃ ግን ለደሴ ይሁን፤ የኮምቦልቻ ሙቀት አይስማማውም።