«ሲፕሮ ስጪኝ» ከማለትሽ በፊት

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲፕሮ ስጪኝ» የሚሉኝ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሲፕሮ አንቲባዮቲክ ነው፤ የሚፈልጉትም ለሽንት ኢንፌክሽን ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ሰው እንዳይሰማ ወደ ጥግ እወስዳቸውና ጥያቄዬን እቀጥላለሁ።

ሲሸኑ ያቃጥላል? ቶሎ ቶሎ ይመጣና ጠብ ብሎ ይቀራል? ከእምብርት በታች ያማል? ነገሩ ይህ ብቻ ከሆነ ኢንፌክሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ከሽንት ፊኛ አላለፈም። ቀላል የምንለው ይህን ነው። ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ የጎን ውጋት ወይም ማስመለስ ከተጨመረበት ግን ኩላሊት ተነክቶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡሮችን፣ ወንዶችንና ሕፃናትን ምልክቱ ቢቀልም ወደ ሐኪም እልካለሁ። ከብልት የሚወጣ ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ማሳከክ ካለ ደግሞ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

«ንጽሕናዬን ስላልጠበቅኩ ነው?» የሚሉኝ በጣም ያሳዝኑኛል። አይደለም እህቴ። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ኢ. ኮላይ የሚባል፣ የሁላችንም አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መውጫውም ለፊንጢጣ ቅርብ ነው። ባክቴሪያው ፊኛ ለመድረስ ብዙ መንገድ የለበትም። የግብረ ሥጋ ግንኙነትም ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል።

ወደ ሲፕሮ ልመለስ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ለከበደ ኢንፌክሽን መቆየት ያለበት መድኃኒት ነው። እንዲሁ በተወሰደ ቁጥር ባክቴሪያው ይለምደዋል። ጅማትም ሊጎዳ ይችላል። ለፊኛ ኢንፌክሽን ሐኪም ብዙ ጊዜ ናይትሮፉራንቶይን ለ5 ቀን፣ ወይም አንዴ ብቻ የሚጠጣ 3 ግራም ፎስፎማይሲን ያዛል። ናይትሮፉራንቶይን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይሆንም። ሽንትን ቡናማ ቢያደርገው ግን አትደንግጪ፣ ጉዳት የለውም። ማቃጠሉ በማግስቱ ቢተውሽም የታዘዘልሽን ጨርሺ። ከጓደኛ የተረፈ ክኒንማ በፍጹም!

ቶሎ ቶሎ ለሚመላለስባቸው ውሃን አጥብቄ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ትንሽ ውሃ ይጠጡ የነበሩ ሴቶች በቀን 1.5 ሊትር ሲጨምሩ ኢንፌክሽኑ በግማሽ ገደማ ቀንሶላቸዋል።

መድኃኒቱን 2 ቀን ወስደሽ ለውጥ ከሌለ ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ከተመለሰብሽ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ከመጀመርሽ በፊት የሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ናሙና ስትሰጪ የመጀመሪያውን ሽንት ልቀቂውና መሃል ላይ ያለውን ያዢ።