ቴምብር የሚያክል ሥዕል፦ የገና መልእክት ለወዳጆቼ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን ለማታከብሩትም ቀኑ የዕረፍትና የሰላም ይሁንላችሁ።

ባለፈው ዓመት ለበዓሉ የተዘጋጀ አንድ መልእክት ከሰው ደረሰኝና በቅጡ ሳላነበው ለሁሉም አስተላለፍኩት። አበባ ነበረው፤ ሻማ ነበረው፤ የሚያብለጨልጭ ጽሑፍም ነበረው። ለእናቴም፣ ለሥራ ባልደረቦቼም፣ ለልጅነት ጓደኛዬም የደረሳቸው ያው አንድ ነገር ነው። በማግስቱ ጓደኛዬ ያንኑ መልእክት መልሶ ላከልኝ። ከእኔ እንደደረሰው እንኳ ልብ አላለም። እኔም ምን እንደላክሁለት በደንብ አላውቅም ነበር። ነገሩ ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ።

ስለዚህ ዘንድሮ ቁጭ ብዬ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አኒሜተር ነው፤ ሥዕልንም ሌላ ነገርንም ምስል በምስል እያንቀሳቀሰ ፊልም ስለሚሠራ ሰው። ኖርማን ማክላረን ይባላል። ለምን እሱን ብትሉኝ፣ ካናዳ ውስጥ ሥራውን የጀመረው በገና መልእክት ስለሆነ ነው። ያንንም ያለ ካሜራ፣ በብዕርና በቀለም ነው የሠራው።

ዘመኑ 1941 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ጦርነት ነበር። ማክላረን ኒው ዮርክን ትቶ ኦታዋ ገባና በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ተቀጠረ። እዚያ በመጀመሪያ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ የፖስታ ማስታወቂያ ነበር። መልእክቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ የገና ፖስታችሁን ቀደም ብላችሁ ላኩ። በቃ፣ ሌላ የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ጽሑፍ አሳይቶ፣ የሚያነብ ሰው አቁሞ ይገላገለው ነበር። እሱ ግን ግልጥልጥ ያለ ባዶ ፊልም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ብዕር በቀለም እየነከረ በቀጥታ ፊልሙ ላይ መሳል ጀመረ። ከበስተጀርባ የገና ዘፈኑ ጂንግል ቤልስ በጃዝ ይጫወታል። ምልክቶቹ ከዜማው ጋር ይዘልላሉ፣ ይዞራሉ፣ ይጨፍራሉ።

እስቲ ይህን ሥራ ጠጋ ብለን እንየው። ሲኒማ ቤት የሚታየው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ያልፋል። አንዱ ፍሬም ከትንሽ የፖስታ ቴምብር አይበልጥም። ለሁለት ደቂቃ ፊልም 2,880 ፍሬም ያስፈልጋል ማለት ነው። ችግሩ ደግሞ ትንሽነቱ ብቻ አይደለም። ባዶ ፊልም ላይ ስትስሉ ያለፈውን ሥዕል የት ጋ እንዳስቀመጣችሁት አይታወቃችሁም። የፀጉር ያህል ከሳታችሁ በትልቁ ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣል። ማክላረን ለዚህ ብሎ አንዲት መሣሪያ ሠራ። አሁን ስሎ የጨረሰው ፍሬም ተንጸባርቆ ቀጥሎ ባለው ባዶ ፍሬም ላይ ያርፍለታል። እሱን እያየ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ይስላል። እንደገና ያንቀሳቅሰዋል፤ እንደገና ይስላል።

ይህ ዘዴ የመጣው ከእጥረት ነው። ማክላረን የተወለደው በ1914 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ስተርሊንግ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ቤት ቀቢና አስጌጭ ነበር። ልጁ በ1932 ግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ፊልም መሥራት ቢፈልግም ካሜራ አልነበረውም። ስለዚህ የተጣለ አሮጌ ፊልም ፈልጎ አገኘ፤ ምስሉ እስኪለቅ ድረስ ዘፍዝፎ አጠበው፤ በጸዳው ላይ በቀለም ሳለ። ከዚያ በኋላ ካሜራም፣ ስቱዲዮም፣ ረዳትም አግኝቷል። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ ወደዚያ ወደ ታጠበው ፊልም እየተመለሰ ነው የሠራው። ሠዓሊ ከሸራው ጋር እንደሚቀራረበው ከፊልሙ ጋር መቀራረብ ነበር የሚፈልገው። በእጁና በተመልካቹ ዓይን መካከል የሚገባው ነገር ባነሰ ቁጥር ደስ ይለው ነበር።

ችሎታውን ያየለት የዘጋቢ ፊልም ሠሪው ጆን ግሪርሰን ነው። በ1936 ወደ ለንደን፣ ወደ ብሪታንያ ፖስታ ቤት የፊልም ክፍል ወሰደው። አዎ፣ እዚያም ፖስታ ነው! የአየር ደብዳቤን ለማስተዋወቅ በ1938 ፊልም ላይ በቀጥታ እየሳለ አንድ ሥራ ሠርቷል። የጊዜው ሚኒስትር ግን ነውር አለበት ብለው እንዳይታይ ከለከሉት። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳም ማድሪድ ድረስ ሄዶ በካሜራ ባለሙያነት ሠርቷል። እዚያ ያየው አልለቀቀውም። በ1939 ሌላ ጦርነት መምጣቱ ነው ሲባል አውሮፓን ትቶ ኒው ዮርክ ተሻገረ።

ኒው ዮርክ ገንዘብ አልነበረውም። ግን ሁለት ነገር ሠራ፦ «ዶትስ» እና «ሉፕስ»፣ ነጠብጣቦችና ቀለበቶች እንደማለት። እነዚህ ላይ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ነው የሳለው።

ድምፅ እንዴት ይሳላል? እኔም መጀመሪያ ስሰማ አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም ላይ ከምስሉ ጎን አንዲት ቀጭን መስመር አለች። ድምፁ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ፕሮጀክተሩ ውስጥ ብርሃን በመስመሯ በኩል ያልፋል። ጥቁሩና ነጩ ሲፈራረቁ ብርሃኑ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ያ መፈራረቅ ወደ ድምፅ ይለወጣል። ማክላረን በዚያች መስመር ላይ ጭረት ይስላል። ጭረቶቹ ከተጠጋጉ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፤ ከተራራቁ ይወፍራል። ትልቅ ጭረት ይጮኻል፣ ትንሽ ጭረት ያንሾካሹካል። አንድም መሣሪያ አልተነፋም፣ አንድም ክር አልተመታም። የምትሰሙት የቀለም ድምፅ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ «ሲንክሮሚ» በተባለው ሥራው እነዚያኑ የድምፅ ጭረቶች በቀለም አስውቦ ስክሪኑ ላይ አወጣቸው። የምታዩት ራሱ የምትሰሙት ነው። ጊዜ ካላችሁ እሱን ፈልጋችሁ እዩት።

አሁን ወደምወደው ሥራ ልምጣ። ርዕሱን ወደ አማርኛ ብመልሰው «ጭንቀት ሆይ፣ ውጣ» ይሆናል። ዓመቱ 1949 ነው። ሙዚቃውን የተጫወቱት ፒያኒስቱ ኦስካር ፒተርሰንና ጓደኞቹ ናቸው። ማክላረን ይህን ብቻውን አልሠራውም። አብራው የሠራችው ኢቭሊን ላምባርት ናት። ስለ ማክላረን ሲወራ የእሷ ስም በሩጫ ይታለፋል፤ ይህ በጣም ይቆጨኛል። እሷም እንደ እሱ በ1914 ነው የተወለደችው፣ ኦታዋ ውስጥ። ከልጅነቷ ጀምሮ የመስማት ችግር ነበረባት። በእኔ እምነት ሙዚቃን በዓይን ካሳዩን ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው ግን የእሷ እጅ ያለበት ይህ ሥራ ነው።

ሁለቱ እዚህ ላይ የፍሬም ወሰን የሚባለውን ነገር ተዉት። ረጅሙን ፊልም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ በብሩሽ ቀቡት። ቀለሙ ሳይደርቅ ዳንቴልና ጨርቅ እያስነኩ አሻራውን አስቀሩበት። አቧራ ሲያርፍበትም አልጠረጉትም፤ አቧራው ራሱ ሥዕል ሆነ። የደረቀውን ደግሞ በስለት ፋቁት። በቪዲዮ እያቆምኩ፣ አንድ በአንድ እያሳለፍኩ አይቼዋለሁ። አንዱ ፍሬም ቀይ ላይ የተረጨ ጥቁር ነው። ቀጣዩ ከእሱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሲሮጥ ግን ፒያኖው ነው፣ ቁርጥ!

መሐል ላይ ሙዚቃው ዝግ ይላል። ያኔ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋና ስክሪኑ ይጠቁራል። በጥቁሩ ላይ ጥቂት ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ብቻ ይቆማሉ፤ ይርገበገባሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ ይራራቃሉ። በመርፌ የተጫሩ ናቸው። ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ስደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ማክላረን አኒሜሽን የሚንቀሳቀስ ሥዕል አይደለም ይል ነበር። ለእሱ የሚሳለው እንቅስቃሴው ነው። በአንዱ ፍሬምና በሌላው መካከል የሚሆነው ነገር፣ ፍሬሙ ላይ ካለው ይበልጥበታል። ይህን ለማየት በ1955 በካን የፊልም ፌስቲቫል ለአጭር ፊልም የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ያሸነፈውን «ብሊንኪቲ ብላንክ» ተመልከቱ። በጥቁር ፊልም ላይ በስለት እየጫረ ነው የሠራው። አብዛኛውን ፍሬም ባዶ ትቶታል። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል። የጎደለውን የሚሞላው የእኛው ዓይን ነው።

በጣም የታወቀው ሥራው ግን «ጎረቤቶች» ነው። ከዚያ በፊት ዩኔስኮ ቻይና ልኮት ነበር፤ ለገጠር ጤና ትምህርት ሥዕል የሚሠሩ ሰዎችን እንዲያሠለጥን። እዚያ ሳለ መንግሥት ተለወጠ። ተመልሶ ትንሽ እንደቆየ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። በ1952 ይህን ፊልም አወጣ። ስምንት ደቂቃ ነው።

ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነብባሉ። ከኋላቸው የቤት ፊት ብቻ ተስሎ ቆሟል። በመካከላቸው፣ ልክ ወሰኑ ላይ፣ አንዲት አበባ ትበቅላለች። ሁለቱም ያሸቷታል። ከደስታ ብዛት መሬት ሳይነኩ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ይጀመራል። አጥር ይተከላል። ቡጢ ይመጣል። አበባዋ በእግራቸው ትረገጣለች። ሁለቱም ይሞታሉ። መቃብራቸው ላይ አንዳንድ አበባ ያርፋል። መጨረሻ ላይ «ባልንጀራህን ውደድ» የሚለው ቃል በብዙ ቋንቋ እየተፈራረቀ ይወጣል።

እዚህ ሥዕል የለም፤ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች ናቸው። ግን እንደ አሻንጉሊት ነው የተቀረጹት። ሰውየው ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፤ እንደገና ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ፒክሲሌሽን ይሉታል። ያ መንሳፈፍ እንዴት እንደተሠራ ሳውቅ ገረመኝ። ተዋናዩ ይዘላል፤ አየር ላይ እንዳለ አንድ ፎቶ ይነሳል። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ይዘላል። ለጥቂት ሰከንድ ደስታ ስንት ጊዜ እንደዘለለ አስቡት።

ፊልሙ በ1953 ኦስካር አገኘ፤ የሚገርመው በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ነው። አንድ ትዕይንት ግን ተቆርጦበት ነበር። ሁለቱ ሰዎች በጠብ ሰክረው አንዱ በሌላው ሚስትና ልጅ ላይ እጁን የሚያነሳበት። ሰው አልቻለውም። በቬትናም ጦርነት ዘመን የሰው ስሜት ሲለወጥ ትዕይንቱ እንዲመለስ ተጠየቀ። ዋናው ቅጂ ጠፍቶ ስለነበር ከሌላ፣ ጥራቱ ዝቅ ካለ ቅጂ ነው የተመለሰው። ስታዩት እዚያ ቦታ ምስሉ ደብዘዝ ካለባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሌላም ብዙ አለ። በ1968 የሠራውን የባሌት ፊልም ብቻ ላንሳ። ሁለት ተወዛዋዦች ጥቁር ላይ በብርሃን ጠርዝ ብቻ ይታያሉ። አንዱ እንቅስቃሴ በላዩ ላይ ደጋግሞ ስለታተመ፣ ክንዳቸው ካለፈ በኋላ ክንዳቸው አየሩ ላይ ይቀራል።

በ1963 ደግሞ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ወደ ገና ተመለሰ። «ክሪስማስ ክራከር» የተባለ የበዓል ፊልም አብረው ሠሩ፤ ለኦስካርም ታጨ። የኦስካር ባለቤት ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የፈለገውን መሥራት በሚችልበት ጊዜ፣ ለበዓል ሰላምታ መልሶ ቁጭ አለ። ማክላረን በ1987 አረፈ።

እኔ ፊልም መሳል አልችልም። ዘንድሮ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መልእክት እየጻፍኩ ነው። የጀመርኩት ባለፈው ዓመት መልእክቱን መልሶ ከላከልኝ ጓደኛዬ ነው። ትናንት ማታ ጽፌ፣ ሰርዤ፣ እንደገና ጽፌ ላክሁለት። ልጅ ሆነን ደብተራችን ጠርዝ ላይ ሰው እየሳልን፣ ገጹን በአውራ ጣት ስንገልጥ ሰውየው ይሮጥ እንደነበር አነሳሁለት። ወዲያው ደወለ። ያ ሰውዬ ኮፍያ እንደነበረው ያስታውሳል፤ እኔ ረስቼው ነበር።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ።