ወራጅ አለ!

ከዌልሷ ከተማ ከባንጎር ባቡር ስሳፈር ትኬት ተቆጣጣሪው የት እንደምወርድ ጠየቀኝ። የመንደሩን ስም ጀመርኩና መሀል ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ሳቀና "ላንቫይርፑል?" ብሎ ገላገለኝ። እዚያ ባቡር የሚቆመው ወራጅ ካለ ብቻ ነው። ልክ እንደ ሚኒባስ! ጠባቡን የሜናይ ባሕር በድልድይ ተሻግረን አንግልሲ ደሴት ገባን።

እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከጣቢያው ሰሌዳ ሥር ፎቶ ይነሳል። በላቲን ፊደል ሲቆጠር 58 ፊደል ያለው ስም ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1860ዎቹ ጎብኚ ለመሳብ ብለው ነው ያስረዘሙት። እኔም ተነሳሁ፤ አልዋሽም። የመጣሁት ግን ለአንድ የባለሱቅ ልጅ ብዬ ነው።

ጆን ሞሪስ ጆንስ በ1864 በዚሁ ደሴት ተወልዶ እዚህ መንደር አደገ። ኦክስፎርድ ሒሳብ ሊማር ሄዶ የዌልስ መጻሕፍት ውስጥ ተደበቀ፤ ሒሳቡን በሦስተኛ ማዕረግ ጨረሰ። በኋላ ባንጎር የዌልስኛ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1913 ትልቁን ሰዋስው አወጣ። የፊደል አጻጻፉን መልክ በማስያዝም ደክሟል። በ"ሀ" እና በ"ሐ" ለምንጣላ ለእኛ ድካሙ አይጠፋንም።

እኔን የሳበኝ ግን በ1900 የወጣ ጽሑፉ ነው። የዌልስኛ አገባብ ከጥንታዊ ግብጽኛና ከሰሜን አፍሪካው የበርበር ቋንቋ ጋር ይመሳሰላል አለ። የዌልስኛን ሥር ካመጡት ከኬልቶች በፊት ብሪታንያ የነበሩት ሰዎች ቋንቋቸውን ቢለውጡም የአነጋገር ስልታቸውን አልለቀቁም ባይ ነው። ብዙ ምሁራን አይቀበሉትም። እኔም አልፈርድም። ግን አማርኛም ግዕዝም የግብጽኛና የበርበር ዘመዶች፣ የአፍሮ እስያ የቋንቋ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ጆሮዬ ቆመ። ዌልስኛ ግሱን ያስቀድማል። "በእኔ ላይ፣ በአንተ ላይ፣ በእሱ ላይ" ለማለት "አርናቭ፣ አርናት፣ አርኖ" ይላል። ግዕዙስ? "ላዕሌየ፣ ላዕሌከ፣ ላዕሌሁ"።

የአገባቡን መጽሐፍ ሳይጨርስ በ1929 ሞተ። የደረሰበት ያህል በ1931 ታተመ።

ከመመለሴ በፊት ሻይ ልገዛ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ትልቅ ብር አወጡ። ሻጯ ራሷን ነቀነቀች። "ዶይስ ጌን ኢ ዚም ነዊድ" አለቻቸው። ቃል በቃል፣ "ከእኔ ጋር ዝርዝር የለም"። "መኖር" በሚለው ግስ ነው የተናገረችው፤ እንደኛው "ዝርዝር የለኝም"። ሽማግሌው እያጉረመረሙ ኪሳቸውን ፈተሹ። ከአራት ኪሎ የሚነሳ ታክሲ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።