በእርማት ገጹ ላይ የጠፋው የዜማ ምልክት

የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ እርማት አነባለሁ። አንዲት ጃፓናዊት ደንበኛ ለባህል ምሽት የሚታደል ትንሽ ጥራዝ ይዘው መጡ። በግራ ጃፓንኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ትርጉሙ። ከኖ ቴአትር የተቀነጨበ ጽሑፍ ነው። ኖ ከ600 ዓመት በላይ የቆየ፣ ዋናው ተዋናይ ብዙ ጊዜ ጭምብል አድርጎ የሚጫወተው፣ ንግግርና ዜማ የሚፈራረቁበት የጃፓን ቴአትር ነው።

ዲዛይነራችን ጽሑፉን ገጹ ላይ ሲያስገባው አንዳንድ መስመር መጀመሪያ ላይ ይሄ ብቅ አለ፦ 〽️። ወርቃማ ቢጫ ነው፤ የታወቀውን የበርገር ድርጅት አርማ ይመስላል። ፊደሉ ሁሉ ጥቁር፣ እሱ ብቻ ባለ ቀለም። ልጁ ከስልክ ሲገለበጥ በስህተት የገባ ኢሞጂ መሰለው። ፈልጎ የሚተካውን ትእዛዝ ከፈተና ሁሉንም ባንዴ አጠፋቸው። ገጹ ጥርት አለ።

ደንበኛዋ እርማቱን ሊያዩ መጡ። ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እያስኬዱ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው በአማርኛ፣ «ይቅርታ፣ ዜማው የት ይጀምራል?» አሉን።

እስክሪብቶ አንሥተው ምልክቱን ሕዳጉ ላይ ሣሉልን። ስሙ ኢዮሪተን ነው። ቅርጹ የጎጆ ጣሪያ ስለሚመስል እንዲህ ተባለ። በኖ የዜማ መጻሕፍት ውስጥ ዜማ የሚጀመርበትን ወይም ተራው ወደ ሌላ ዘማሪ የሚያልፍበትን ቦታ ያሳያል። እሱ ከሌለ ቃሉ አለ፣ ዜማው ግን የለም። እኔ ወዲያው የመጣብኝ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ከድጓው ላይ ድፋቱንና ርክርኩን የቀለም ነጠብጣብ ነው ብሎ የፋቀ ሰው ምን ያህል ነገር እንዳጠፋ አስቡት።

ቢጫው ከየት መጣ? ምልክቱ ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች ለፊደላትና ለምልክቶች የሚጠቀሙበት የጋራ የኮድ ሥርዓት ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን ያኔ ተራ የጽሑፍ ምልክት ነበር። የጃፓን ስልኮች ግን ከሥዕላዊ ምልክቶቻቸው ጋር ይጠቀሙበት ስለነበር ኋላ ኢሞጂም ሆነ። ስለዚህ አንዱ ኮድ ሁለት መልክ አለው። ከኋላው የሚከተል የማይታይ ኮድ ጥቁር ወይም ባለ ቀለም እንዲሆን ያዘዋል። ፋይሉ በስልክ ስላለፈ ባለ ቀለሙ መጣ። ዛሬ አንዳንድ ሰው ገበያ ወጣ ወረደ ለማለት ይለጥፈዋል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው የዜማ ምልክት ለዚህ መዋሉ ያሳዝነኛል።

ደግነቱ ዋናው ፋይል አልተነካም ነበር። ዲዛይነሩ እንደገና አስገባው፣ የጃፓንኛ ፎንት መረጠለት፣ ጥቁሩን መልክ የሚያዘውን ኮድ ጨመረበት። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ከዋናው ጋር አስተያየን። አሁን ቢሯችን ውስጥ የማናውቀው ምልክት ሲያጋጥም አይሰረዝም። በቀይ ይከበብና ከእርማቱ ጋር ለባለቤቱ ይላካል።

ደንበኛዋ ሁለተኛውን እርማት ሲያዩ ሌላ ነገር ጠየቁን፦ ምልክቱ አማርኛው ገጽ ላይም ይግባ። ጃፓንኛ የማይችለውም እንግዳ ዋናው ተዋናይ ሲያቆምና ኅብረ ዘማሪው ሲቀበል እንዲከታተል ነው። አስገባነው፤ ከፊት ገጹ ግርጌም ትርጉሙን በአንድ መስመር ጻፍንለት።